ከባድ ብረቶችንና ጥቃቅን ማዕድናትን በሽንት መመርመር

ይህ ምርመራ በሽንት ውስጥ ምን ያህል ሜርኩሪ፣ አርሴኒክ፣ ካድሚየም፣ መዳብ ወይም ሌላ ማዕድን እንደሚወጣ ይለካል። የሚታዘዘው በአብዛኛው በሦስት ምክንያት ነው፦ አንድ ሰው በመርዛማ ብረት ተጎድቶ ይሆናል ተብሎ ሲጠረጠር፣ በሥራው ምክንያት ከእነዚህ ብረቶች ጋር የሚውል ሰው ጤንነት ሲከታተል፣ እንዲሁም ሰውነት አንድን ማዕድን በትክክል ማስወገድ የማይችልበት የዘር በሽታ ሲፈለግ።

መለኪያው በጣም ረቂቅ ነው። በአንድ ሊትር ሽንት ውስጥ ያለን ጥቂት ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ክፍሎችን፣ ለይቶ ይቆጥራል። መሣሪያው ውድ ስለሆነ በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ናሙናው ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ላብራቶሪ፣ አንዳንዴም ወደ ውጭ አገር ይላካል። ገንዘቡም ጊዜውም ቀላል ስላልሆነ፣ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን «የትኛውን ብረት ነው የምንፈልገው? ለእሱስ ሽንት ትክክለኛው ናሙና ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ሁሉም ብረት ይታይልኝ» ብሎ ማሠራት የሚመስለውን ያህል ጠቃሚ አይደለም። ሃያ ነገር አንድ ላይ ሲለካ አንዱ ወይም ሁለቱ ከመደበኛው ትንሽ ከፍ ብለው መገኘታቸው የሚጠበቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጭንቀት ብቻ ነው።

ሽንት ወይስ ደም?

ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት በእርሳስ ነው። የእርሳስ መመረዝ የሚታወቀው በደም ምርመራ እንጂ በሽንት አይደለም። ወደ ሰውነት የገባ እርሳስ አብዛኛው ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ይጣበቃል፣ ቀስ በቀስም አጥንት ውስጥ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ በሽንት የሚወጣው ጥቂት ነው፣ ከቀን ወደ ቀንም ይለዋወጣል። ስለዚህ የልጅዎ የሽንት ምርመራ «እርሳስ የለም» ቢል ልጁ ደህና ነው ማለት አይቻልም።

(በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ አንድ ቃል ሆነው ቢቀሩም የመጻፊያው እርሳስ ከዚህ ብረት አልተሠራም። ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። ልጅዎ የእርሳስ ጫፍ ቢያኝክ በዚያ ምክንያት የእርሳስ መመረዝ አይደርስበትም።)

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ የተገኘበት ሰው የእርሳሱ ምንጭ ተፈልጎ እንዲወገድለት ይመክራል። በአሜሪካ ለሕፃናት የተቀመጠው ቁጥር 3.5 ነው። ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም። በአሜሪካ አዲስ የገቡ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ይህ የደም ምርመራ ይታዘዝላቸዋል፣ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜም ይደገማል። ይህ የሚደረገው ልጁ በሽተኛ ነው ተብሎ ስላልሆነ አይደንግጡ፤ ቀጠሮውን ግን አይዝለሉ። ከጣት ጫፍ በተወሰደ ደም ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ቆዳ ላይ የነበረ ብናኝ ሊሆን ስለሚችል ከደም ሥር በተወሰደ ደም ይረጋገጣል።

ምንጩን ሲፈልጉ የመኪና ባትሪ የሚፈታበትን ቦታ፣ የተላላጠ የቆየ ቀለምን፣ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጠው የተሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶችን፣ ቀለማቸው እንዲያምር የተቀላቀለባቸው ቅመሞችንና ኩልን ያስቡ። ኩል ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከአንዳንድ አካባቢ የሚመጣው ግን ዋና ክፍሉ የእርሳስ ማዕድን ነው። ሕፃን ዓይኑን ሲያሽ፣ ከዚያም ጣቱን ሲጠባ ወደ ሆዱ ይገባል።

በሌላ በኩል ለአርሴኒክ፣ ለካድሚየም፣ በትነት ወይም በቆዳ ቅባት ለሚገባ ሜርኩሪና ለመዳብ ሽንት ጥሩ ናሙና ነው። ለዚንክና ለሴሊኒየም እጥረት በብዛት የሚታየው ደም ነው። በብየዳ ጭስ ለሚገባው ማንጋኒዝ ደግሞ ሽንት የሚሰጠው መረጃ ደካማ ነው።

ሜርኩሪና የቆዳ ማቅያ ቅባቶች

ሜርኩሪ (ባዜቃ) እንደ መልኩ ይለያያል። ከባሕር ዓሣ የሚገኘው ዓይነት በሽንት እምብዛም ስለማይወጣ በደም ወይም በፀጉር ይለካል። ወርቅ ለመለየት የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ሜርኩሪ ሲተን የሚተነፈሰውና በአንዳንድ የቆዳ ማቅያ ቅባቶች ውስጥ የሚገኘው ግን ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል፣ በሽንትም ይታያል።

ቅባቱን በተመለከተ ትንሽ መዘርዘር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ለሐኪም የማይነገር ነገር ነው። ፊቷን ለማቅላት ወይም ማድያት ለማጥፋት ቅባት የምትቀባ ሴት እግሯ ቢያብጥ፣ ሽንቷ አረፋ ቢበዛበት፣ እንቅልፍ ቢያጣት፣ እጇ ቢንቀጠቀጥ ወይም በትንሽ በትልቁ የምትበሳጭ ብትሆን፣ ችግሩ ከፊቷ ቅባት ጋር ይገናኛል ብላ አታስብም። ሐኪሙም ካልጠየቀ አያውቅም። በሜርኩሪ ምክንያት ኩላሊት ፕሮቲን ሲያፈስ የሚታየው እብጠት ከሌሎች የኩላሊት በሽታዎች ጋር ይመሳሰላል። ወደ ምርመራ ሲሄዱ የሚቀቡትን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። ማሸጊያው ላይ «ካሎሜል»፣ «ሜርኩሪክ» ወይም «ሜርኩሪየስ ክሎራይድ» የሚል ካለ መጠቀሙን ዛሬውኑ ያቁሙ። ችግሩ ብዙዎቹ ምንም አይጽፉም፤ አምራቹ የማይታወቅ፣ የይዘት ዝርዝር የሌለው፣ በእጅ የሚሸጥ ቅባት በራሱ አጠራጣሪ ነው።

ቅባቱን የማይቀቡ የቤት ሰዎችም ይጎዳሉ። ሜርኩሪው በፎጣ፣ በአንሶላና በትራስ ልብስ ላይ ይቀራል፣ በጥቂቱም ይተናል፤ እናቱ ጉንጭ ላይ ፊቱን አስደግፎ የሚተኛ ሕፃን ከእርሷ ቆዳ ይወስዳል። ስለዚህ እናት ላይ ከፍ ያለ መጠን ከተገኘ ሕፃናቱም ይመረመራሉ። የሚያጠቡ ወይም እርጉዝ ከሆኑ ይህን ለሐኪሙ መጀመሪያ ይንገሩ።

ለአብዛኛው ሰው የሽንት ሜርኩሪ በአንድ ሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ከ20 በላይ ሲሆን ምንጩ መፈለግ አለበት። ቅባቱ ከቆመ በኋላ ቁጥሩ በግማሽ ለመቀነስ ሁለት ወር ያህል ይፈጅበታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግመው ቢያሠሩ ብዙም ለውጥ ላያዩ ይችላሉ፣ በዚህ ተስፋ አይቁረጡ።

አርሴኒክ፦ ከምርመራው በፊት የተበላው ዓሣ

አርሴኒክ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ አብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ የሽንት ምርመራ የሚናገረው ስላለፉት ሦስት ወይም አራት ቀናት ነው። ከወር በፊት የቆመ መጋለጥን ላያሳይ ይችላል።

የባሕር ዓሣ፣ ሽሪምፕና የባሕር አረም ጉዳት የሌለው የአርሴኒክ ዓይነት በብዛት አላቸው። አንድ ምሳ ብቻ ጠቅላላውን ቁጥር ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሰውየው ምንም ሳይሆን ውጤቱ ላይ «ከፍተኛ» የሚል ይወጣል፣ ቤተሰብም ማን መረዘው እያለ ይጠራጠራል። ይህን ለማስቀረት ናሙና ከመስጠትዎ በፊት ቢያንስ 3 ቀን፣ ላብራቶሪው ካዘዘም 5 ቀን የባሕር ምግብ አይብሉ። ከሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶና አምባዛ እንደ ባሕር ዓሣ አይደለም፤ በጾም ወራት የሚዘወተረው የቆርቆሮ ቱናና ሰርዲን ግን የባሕር ዓሣ ነው። በልተው ከሆነ ምርመራውን ማዘግየት ይሻላል። ካለፈም ላብራቶሪው የአርሴኒኩን ዓይነት ለይቶ እንዲለካ መጠየቅ ይቻላል።

ጎጂው አርሴኒክ በብዛት የሚመጣው ከጉድጓድ ውኃ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በመጠጥ ውኃ ውስጥ ከፍተኛው መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ውኃን ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ አርሴኒክን፣ እርሳስንና ፍሎራይድን ግን አያስወጣም፤ ውኃው ሲተን የቀረው ላይ ያጠነክራቸዋል።

መዳብ፦ የአንዱ ልጅ ምርመራ ለእህት ወንድሞቹም ነው

መዳብ ለሰውነት የሚያስፈልግ ማዕድን ነው፤ ትርፉን ጉበት በሐሞት በኩል ያስወግዳል። የዊልሰን በሽታ በሚባል የዘር ችግር ጉበት ይህን ማድረግ ያቅተዋል፣ መዳቡም ጉበት ውስጥ፣ በኋላም አንጎልና ዓይን ውስጥ ይከማቻል። የሚጀምረው በብዛት በልጅነትና በወጣትነት ነው። አንዱ ታዳጊ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሆዱ ውኃ ይቋጥራል፤ ሌላው ንግግሩ ይጎተታል፣ የእጅ ጽሑፉ ይበላሻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጠባዩ ይለወጣል። የኋለኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ የአእምሮ ሕመም ወይም ሌላ ነገር ነው እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ፤ በሽታው ግን በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት የሚያዝ ነው።

የ24 ሰዓት የሽንት መዳብ ከዋነኞቹ ምርመራዎች አንዱ ነው። ምልክት በታየበት ሰው በቀን ከ100 ማይክሮግራም በላይ ከወጣ በሽታውን አጥብቆ ያስጠረጥራል፤ በልጆች ላይ ከ40 በላይ ሲሆንም ሐኪሞች ጉዳዩን ይከታተላሉ። ብቻውን ግን አይበቃም። በደም ውስጥ ያለው ሴሩሎፕላዝሚን የሚባል ፕሮቲን ይለካል፣ የዓይን ሐኪም በብሌን ዙሪያ ያለውን ቀለበት ያያል፣ እንዳስፈላጊነቱም የዘር ምርመራ ይደረጋል። ሌሎች የጉበት በሽታዎችም የሽንት መዳብን ከፍ ስለሚያደርጉ ነው ይህ ሁሉ።

በሽታው ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ የሚመጣ ስለሆነ፣ አንድ ልጅ ከታመመ እያንዳንዱ እህትና ወንድም ከአራት አንድ ዕድል አለው። ደህና የሚመስሉትም መመርመር አለባቸው፤ ጥቅሙ በይበልጥ ለእነሱ ነው፣ ምልክቱ ሳይጀምር መድኃኒት ይጀመርላቸዋልና። መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይኸው ምርመራ ለክትትል ይደገማል፣ ቁጥሩም የሚነበበው በሌላ ዓይን ነው፦ ፔኒሲላሚን የሚወስድ ሰው በቀን ከ200 እስከ 500 ማይክሮግራም ቢያወጣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር አይተው ባሰበት ብለው አይደንግጡ፣ መድኃኒቱንም አያቋርጡ።

ሌሎቹ በአጭሩ

ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከ10 እስከ 30 ዓመት ስለሚቆይ የሽንቱ ቁጥር የረጅም ዘመን ክምችትን ያሳያል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከማያጨስ ይልቅ ከፍ ያለ ይኖረዋል። ባትሪ፣ ብየዳና ብረት ቅብ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ይከታተሉታል።

አዮዲን በሽንት ሲለካ የሚያገለግለው በዋናነት ለማኅበረሰብ ጥናት ነው። የአንድ ሰው ቁጥር ትናንት በበላው ጨው ስለሚለዋወጥ፣ እንቅርት ያለበትን ሰው በአንድ የሽንት አዮዲን ውጤት እጥረት አለበት ወይም የለበትም ማለት አይቻልም። ለእርስዎ የሚጠቅመው የእንቅርት ሆርሞን የደም ምርመራ ነው።

ፍሎራይድ ብረት ባይሆንም ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች ስለሚጠይቁ እናነሣዋለን። በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ መበለዝ ከጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ጋር የተያያዘ ነው። በሽንት መለካት ይቻላል፤ ግን የሚያሳየው የቅርብ ቀናቱን ነው። ገንዘብዎ ለአንድ ምርመራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ውኃውን ያስመርምሩ፤ መመሪያው በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል።

እንዴት ይዘጋጃሉ?

የኤም.አር.አይ. ወይም የሲቲ ስካን ምርመራ ሲደረግልዎት በደም ሥር ማጉሊያ መድኃኒት (ኮንትራስት) ከተሰጠዎት ቢያንስ 4 ቀን ይጠብቁ፤ በውስጡ ያለው ጋዶሊኒየም ወይም አዮዲን ልኬቱን ያዛባል። ቪታሚን፣ ዚንክ፣ ሴሊኒየምና ምንነቱ የማይታወቅ የባሕል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይንገሩ። ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት ግን በራስዎ አያቁሙ። የወር አበባ ላይ ከሆኑ ቀኑን ያዛውሩ።

ዕቃው ወሳኝ ነው። ላብራቶሪው የሚሰጥዎት የፕላስቲክ ዕቃ ከብረት ብናኝ የጸዳ ነው፤ ውስጡን አይጠቡት፣ በቤትዎ ጀሪካን ወይም በቆርቆሮ ጣሳም አይተኩት። የብረት ፖፖ ላይ አይሽኑ። ውስጡ ፈሳሽ መጠበቂያ ካለ አሲድ ሊሆን ስለሚችል አያፍሱት፣ ልጆች እንዳይነኩትም ይጠንቀቁ።

የ24 ሰዓት ሽንት ከታዘዘልዎት እንዲህ ይደረጋል። ለምሳሌ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲነሡ የሸኑትን ይጥሉታል፣ ሰዓቱን ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ቀኑንም ሌሊቱንም የሸኑትን በሙሉ ያጠራቅማሉ። በማግሥቱ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን የመጨረሻውን ሸንተው ይጨምራሉ። የመጀመሪያው ይጣላል፣ የመጨረሻው ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዕቃውን ፍሪጅ ውስጥ ወይም በበረዶ ከበው ያቆዩት። ሰገራ ሲወጡ ሽንቱ እንዳያመልጥዎት መጀመሪያ ሽንትዎን ይሽኑ። አንድ ጊዜ ረስተው ከጣሉ ተናገሩ፤ እንደገና መጀመር ከተሳሳተ ውጤት ይሻላል። ውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ ቅጹ ላይ ሰዓቱን በዚያ አገር አቆጣጠር ይጻፉ፦ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት የእነሱ 7 ሰዓት ነው። ወላጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ልጆች ይህን ቢያዩላቸው ጥሩ ነው።

ውኃ እንደ ወትሮው ይጠጡ። «ብዙ ከጠጣሁ ይታጠብልኛል» ብለው ወይም ጠበል ላይ ሆነው ብዙ ሊትር ከጠጡ ሽንቱ ይቀጥናል፣ የአንድ ጊዜ ናሙና ከሆነም ቁጥሩ በሐሰት ዝቅ ይላል።

ውጤቱን ማንበብ

በመጀመሪያ መለኪያውን ይዩ። ማይክሮግራም በሊትር፣ ማይክሮግራም በ24 ሰዓት፣ ማይክሮግራም በአንድ ግራም ክሬያቲኒን የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱን ቁጥር ከሌላው መደበኛ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ክሬያቲኒን ጡንቻ በየቀኑ ተቀራራቢ መጠን የሚያወጣው ነገር ስለሆነ ሽንቱ ቀጭን ወይም ወፍራም መሆኑን ለማረም ያገለግላል። ለምሳሌ የአንዱ ሰው ሜርኩሪ በሊትር 12 ማይክሮግራም፣ ክሬያቲኒኑ 2.4 ግራም ቢሆን፣ ሲካፈል 5 ይሆናል። የሌላው ሜርኩሪ በሊትር 6 ብቻ ሆኖ ክሬያቲኒኑ 0.4 ግራም ቢሆን 15 ይመጣል። በመጀመሪያ እይታ ዝቅ ያለ የመሰለው በእርግጥ ከፍ ያለው ነው።

ከውጤቱ ጎን ያለው «መደበኛ መጠን» አብዛኛው ጤነኛ ሰው የሚገኝበትን ክልል ያሳያል። ከዚያ በትንሹ ማለፍ መመረዝ ማለት አይደለም፣ ከዚያ በታች መሆንም ያለፈውን መጋለጥ አይሰርዝም።

መድኃኒት ተሰጥቶ የሚወሰድ ሽንት

አንዳንድ ቦታ፣ በተለይ «ሰውነትን ከመርዝ እናጸዳለን» የሚሉ ሰዎች ዘንድ፣ ሽንት ከመወሰዱ በፊት ብረት የሚያስወጣ መድኃኒት (ኪሌሽን) ይሰጣል። መድኃኒቱ በማንም ጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን ጥቂት ብረት ስለሚያስወጣ ቁጥሩ ይንራል። ከዚያም መድኃኒት ካልወሰዱ ሰዎች መደበኛ ጋር ተወዳድሮ «ተመርዘሃል» ይባላል፣ ውድ ሕክምናም ይሸጣል። የአሜሪካ የሕክምና ቶክሲኮሎጂ ኮሌጅ ይህ አሠራር በሳይንስ ያልተረጋገጠ መሆኑን አስታውቋል።

በተለይ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ይህ ይቀርብላቸዋል። ኪሌሽን ኦቲዝምን አያድንም። የተሳሳተው የመድኃኒት ዓይነት በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም በድንገት አውርዶ ልብን ሊያቆም ይችላል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ሦስት ሰዎች በዚህ ዓይነት ሞተዋል፣ ከእነሱም ሕፃን ነበረበት። በእውነት ለተመረዘ ሰው ኪሌሽን ሕይወት አዳኝ ሊሆን ይችላል፤ የሚሰጠው ግን መጋለጡ ታውቆ፣ ያለ መድኃኒት በተወሰደ ናሙና ከተረጋገጠ በኋላ፣ በሆስፒታል ክትትል ነው።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ

ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ምርመራውን መድገም ነው፤ ዓሣ ሳይበሉ፣ በንጹሕ ዕቃ፣ እንዳስፈላጊነቱም ከደም ጋር። ቀጥሎ ምንጩን መፈለግ ነው፣ እዚህ ላይ ከሐኪሙ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የት ይሠራሉ? የሥራ ልብስዎን ቤት ይዘው ይመጣሉ? ከየት ይቀዳሉ? ምን ይቀባሉ? በቅርቡ ከአገር ቤት ወይም ከዓረብ አገር ምን ተላከልዎት? ምንጩ ካልተወገደ መድኃኒቱ ያወጣውን ያህል እንደገና ይገባል። የባትሪ ወይም የወርቅ ሥራ የሚሠራ ሰው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ልብሱን ቢቀይርና ቢታጠብ ልጆቹን ያተርፋል።

መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት፣ የሚደጋገም ትውከትና ተቅማጥ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የሽንት መቆም ከታየ የላብራቶሪ ውጤት አይጠብቁ፤ በሽተኛውን ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱ፣ የሚጠረጥሩትን ቅባት፣ ዱቄት ወይም ጠርሙስም አብረው ይያዙ።